«ሰርተፊኬቱን ላክልኝ» ሲሏችሁ የትኛውን ፋይል ትልካላችሁ?

አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ቴሌግራም ላይ መልእክት ይገባል። «ወንድሜ፣ የዌብሳይቱን ሰርተፊኬት ላክልኝ። አዲሱ ሰርቨር ላይ ዛሬውኑ መጫን አለብኝ።» ፎልደሩን ስትከፍቱት አምስት ፋይል ተደርድሯል። የአንዱ መጨረሻ ፔም ነው። የሌላው ሲአርቲ፣ የሌላው ኪ፣ የሌላው ፒኤፍኤክስ፣ የመጨረሻው ደግሞ ፒ7ቢ። ሁሉም ላይ የድርጅቱ ስም አለ። ሁሉም ጥቂት ኪሎባይት ናቸው። የትኛው ነው የሚላከው?

ይህ ጥያቄ ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል። ሰው የሚሳሳተው ስሞቹ ስለሚያምታቱት ነው እንጂ ሥራው ያን ያህል ከብዶት አይደለም። ስሕተቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ፎርማቶቹን እያነጻጸርኩ፣ የቱ ለየትኛው ሰርቨር እንደሚሆንና የቱ ከቤቱ መውጣት እንደሌለበት ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሰርተፊኬት ላይ የሚሰፍረውም እሱ ነው።

ደብዳቤውና ማህተሙ

ፎርማት ከማማረጣችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። ሰርተፊኬትና የግል ቁልፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፕራይቬት ኪ የምንለውን ነው የግል ቁልፍ የምለው።

የመሥሪያ ቤት ማህተም አስቡ። ሰርተፊኬት ማለት «ይህ የማህተም ናሙና የእገሌ ድርጅት ነው» ብሎ የታመነ አካል፣ ሰርተፊኬት ሰጪ የምንለው፣ የፈረመበት ወረቀት ነው። ወረቀቱ የተዘጋጀው እንዲታይ ነው። ማንም ቢያየው ችግር የለም። የግል ቁልፉ ግን ማህተሙ ራሱ ነው። ማህተም መዝገብ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ነው የሚያድረው። የያዘችው ሠራተኛ ፈቃድ ስትወጣ እንኳ በፊርማ ታስረክባለች። ማህተሙን ለተላላኪ አስይዞ ከተማ ለከተማ የሚያዞር ኃላፊ የለም።

ኮምፒውተሩ ላይም እንደዚያው ነው። ዌብሳይታችሁን የሚከፍት ብሮውዘር ሁሉ ሰርተፊኬቱን ያወርዳል። በቴሌግራም ብትልኩት፣ ፍላሽ ላይ ብትረሱት ምንም አይደርስባችሁም። የግል ቁልፉን ያገኘ ሰው ግን እናንተን መስሎ መቅረብ ይችላል። በኔትወርኩ መሃል መግባት ከቻለ ደግሞ ደንበኛችሁ የሚጽፈውን ፓስወርድ ሲያልፍ ያነባል። ብሮውዘሩም ምንም ማስጠንቀቂያ አያሳይም።

ስለዚህ የትኛውንም ፋይል ስታዩ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ውስጡ የግል ቁልፍ አለ?

ፔም ወይስ ዴር?

እነዚህ ሁለቱ ያው አንድ ነገር ናቸው፤ አጻጻፋቸው ነው የሚለየው። ፔም ጽሑፍ ነው። በኖትፓድ ስትከፍቱት አምስት ሰረዝ፣ «ቢጊን ሰርተፊኬት» የሚል በትልልቅ የላቲን ፊደላት፣ እንደገና አምስት ሰረዝ ታያላችሁ። ከሥሩ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ጽሑፍ በየ64 ፊደሉ መስመር እየቀየረ ይወርዳል። መጨረሻው ላይ «ኤንድ ሰርተፊኬት» ይላል። ስሙ የመጣው በ1993 ለኢሜይል ደህንነት ከወጣ ደረጃ ነው። የኢሜይሉ እቅድ ብዙም አልተራመደም። የጽሑፉ አቀማመጥ ግን እስከ ዛሬ እንጀራችን ነው።

ዴር ያንኑ በባይናሪ ያስቀምጣል። በኖትፓድ ቢከፈት ዝብርቅርቅ ምልክት ብቻ ነው። መጠኑ ያንሳል፤ ፔም ከእሱ በሲሶ ገደማ ይበልጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀየር የሚጎድል ነገር የለም።

ምርጫው ቀላል ነው። ኢንጂንኤክስ፣ አፓቺ፣ ኤችኤ-ፕሮክሲ፣ ሲፓነል፣ በአጠቃላይ ሊኑክስ ላይ ያለው የሰርቨር ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ፔም ነው የሚፈልገው። ዴር የሚጠይቃችሁ አልፎ አልፎ ነው፤ ሲጠይቃችሁ ያኔ ትቀይሩታላችሁ። የፔም ትልቁ ጥቅም አንድ ፋይል ውስጥ ብዙ ነገር መደርደር መቻሉ ነው። የእናንተን ሰርተፊኬት፣ ከሥሩ የመካከለኛውን ሰጪ (በእናንተና በዋናው ሰጪ መካከል ያለውን ፈራሚ)፣ እያለ ይቀጥላል። ይህን ድርድር ሰንሰለት እንለዋለን።

ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ነው። ጽሑፍ ስለሆነ የሰው እጅ ያበላሸዋል። አንድ ጊዜ የደንበኛ ሰርቨር ሰርተፊኬቱን አልቀበልም አለኝ። ስሕተቱ «ኖ ስታርት ላይን» ይላል፣ የመጀመሪያውን መስመር አላገኘሁም ማለት ነው። እኔ ደግሞ መስመሩን ፊት ለፊት አየዋለሁ። እዚያው አለ! ከአንድ ሰዓት በላይ አፈጠጥኩበት። ለካ ሰውየው ከኢሜይል ወደ ወርድ ገልብጦ፣ ከወርድ ነው ወደ ሰርቨሩ ያመጣው። ወርድ ሰረዞቹን «አሳምሮ» ወደ ረጅም ሰረዝ ቀይሯቸዋል። ለዓይን ልዩነታቸው የፀጉር ያህል ነው፤ ለሰርቨሩ ግን ሌላ ምልክት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሰርተፊኬትን በወርድ አትንኩት እላለሁ። ኖትፓድ ይበቃል።

ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። ኢንጂንኤክስ ላይ የእናንተ ሰርተፊኬት መጀመሪያ፣ የመካከለኛው ሰጪ ቀጥሎ ነው። ብታገላብጡት ሰርቨሩ የሰጪውን ሰርተፊኬት የእናንተ አድርጎ ይወስድና «ቁልፉና ሰርተፊኬቱ አይገጥሙም» ይላል። መካከለኛውን ጭራሽ ከረሳችሁት ደግሞ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ነገሩ የሚሠራ ይመስላል። የእናንተ ኮምፒውተር ላይ ክሮም የጎደለውን ራሱ ፈልጎ ያመጣና ገጹ ደህና ይከፈታል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው አፕ ግን እምቢ ይላል። «እኔ ጋ ይሠራል፣ ደንበኛ ጋ አይሠራም» የሚል ክርክር ከሰማችሁ መጀመሪያ ይህንን እዩ።

ስም ያታልላል

ሲአርቲ ወይም ሲኢአር የሚል ስም ፋይሉ ፔም ይሁን ዴር አይነግራችሁም። ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ከዚህም የከፋው ፔም የሚለው ስም ነው። ሰርትቦት የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ከሚሰጠው ከሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት ሲያመጣላችሁ አራት ፋይል ያስቀምጣል። አራቱም ፔም ናቸው። ሦስቱን ለማንም ማሳየት ትችላላችሁ። አራተኛው፣ «ፕራይቭኪ» የሚለው፣ ማህተሙ ነው። ኤችኤ-ፕሮክሲ ላይ ደግሞ ሰርተፊኬቱና የግል ቁልፉ አንድ ፔም ውስጥ አብረው የመቀመጥ ልማድ አላቸው። «ፔሙን ላክልኝ» ያለ ሰው ሳያውቀው ማህተሙንም ጠይቋል።

አካሉን አይቶ መለየት አይቻልም። ሰርተፊኬቱም አርኤስኤ የሚባለው ዓይነት የግል ቁልፍም አብዛኛውን ጊዜ «ኤም፣ አይ፣ አይ» በሚሉት ፊደላት ይጀምራሉ። የሚለያቸው አናታቸው ላይ ያለው መስመር ነው። ፋይሉን ክፈቱና «ፕራይቬት ኪ» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ፣ ከላይ እስከ ታች። ካሉ፣ ፋይሉ አይላክም። እኔ ይህን ሳላደርግ ምንም ፋይል አልክም።

ፒኤፍኤክስ፦ ሁሉንም የያዘ ሳጥን

ዊንዶውስ ሰርቨርና አይአይኤስ (የዊንዶውስ የዌብ ሰርቨር) የሚፈልጉት ይህን ነው። ፒ12 የሚባለውም ያው ነው። ሰርተፊኬቱ፣ ሰንሰለቱና የግል ቁልፉ አንድ ላይ ታሽገው በፓስወርድ ይቆለፋሉ። ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ለማጓጓዝ ከሁሉም ይመቻል። ምንም ነገር አይጎድልም፣ ቅደም ተከተልም አያስጨንቅም።

የሚያስፈራኝም ለዚሁ ነው። ብዙ ሰው ፒኤፍኤክስን «ሰርተፊኬቱ» ብሎ ነው የሚጠራው። ስለዚህ በኢሜይል ይልከዋል። ፓስወርዱን ደግሞ እዚያው ኢሜይል ላይ ከሥር ይጽፈዋል። ማህተሙን ከመሳቢያው ቁልፍ ጋር አስሮ መስጠት ማለት ነው። በፒኤፍኤክስ መላክ ግድ ከሆነ ፋይሉ በአንድ መንገድ፣ ፓስወርዱ በሌላ መንገድ ይሂድ። ፓስወርዱን በስልክ ደውላችሁ ንገሩት። የቴሌግራም መደበኛ ቻት ሰርቨራቸው ላይ እንደሚቀመጥም አትርሱ።

አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ። ቁልፍና ሰርተፊኬት የምናዘጋጅበት ፕሮግራም ኦፕንኤስኤስኤል 3.0 በሴፕቴምበር 2021 ሲወጣ የፒኤፍኤክስ ምስጠራውን ወደ ጠንካራው ኤኢኤስ ቀየረው። ጥሩ አደረገ። ነገር ግን እንደ ዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ያሉ የቆዩ ሲስተሞች አዲሱን ምስጠራ አያነቡትም። አያነቡትም ብለው ቢናገሩ በተሻለ። የሚሉት «ፓስወርዱ ተሳስቷል» ነው። ሰውዬው ትክክለኛውን ፓስወርድ አሥር ጊዜ ይጽፋል፣ አንዱ ሌላውን ይጠራጠራል። መፍትሔው ፋይሉን «ሌጋሲ» በሚለው አማራጭ እንደገና ማውጣት ነው። ግን የድሮው ምስጠራ ደካማ መሆኑን እወቁ። እንደዚያ ያወጣችሁትን ፋይል አስገብታችሁ ስትጨርሱ ወዲያው አጥፉት። ዴስክቶፕ ላይ አይደር።

ዊንዶውስ ላይ ስታስገቡ ሌላም ነገር ይጠይቃችኋል፦ ቁልፉ በኋላ ተመልሶ መውጣት ይችል ወይስ አይችል? ሳጥኗን ባዶ ተዉአት። ቁልፉ ሰርቨሩ ላይ ይቅር።

ስለ ሁለት ሌሎች ፎርማቶችም ባጭሩ። ፒ7ቢ ሰርተፊኬትና ሰንሰለት ብቻ ነው የሚይዘው፣ የግል ቁልፍ የለበትም፣ ስለዚህ አያስፈራም። ጄኬኤስ የጃቫ የድሮ ማስቀመጫ ነው። ጃቫ ራሱ ከ2017ቱ ጃቫ 9 ጀምሮ ነባሪውን ወደ ፒ12 ቀይሯል። አዲስ ሥራ የምትጀምሩ ከሆነ ጄኬኤስ አትምረጡ። የቆየ ሲስተም ካልጠየቃችሁ በቀር ምክንያት የለውም።

ቁልፉ ላይ ፓስወርድ ይኑር?

የግል ቁልፍ በፔም ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ዓይነት አናት አንዱን ታያላችሁ። «አርኤስኤ ፕራይቬት ኪ» የሚለው የቆየው አቀማመጥ ነው። «ፕራይቬት ኪ» ብቻ የሚለው አዲሱ ነው፤ ጃቫ ያለ ተጨማሪ መሣሪያ የሚቀበለው ይህን ነው። «ኢንክሪፕትድ ፕራይቬት ኪ» የሚለው በፓስወርድ የተቆለፈው ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የተሻለ ይመስላል። ሰርቨር ላይ ሲሆን ግን አስቡበት። የተቆለፈ ቁልፍ ያለው ኢንጂንኤክስ በተነሳ ቁጥር ፓስወርድ ይፈልጋል። መብራት ሌሊት ጠፍቶ ሲመጣ ሰርቨሩ ይነሳል፣ ዌብሳይቱ ግን ሰው መጥቶ ፓስወርድ እስኪሰጠው ይጠብቃል። ጠዋት ቢሮ የገባው ሰው ነው የሚያገኘው። ፓስወርዱን ፋይል ላይ ጽፎ ከጎኑ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ያኔ ግን መቆለፉ ብዙም አልፈየደም።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለው ቁልፍ ያለ ፓስወርድ ይሁን፣ ባለቤቱ ሩት (የሊኑክስ ዋና አስተዳዳሪ)፣ ፈቃዱ 600። ማለትም ከሩት በቀር ማንም አያነበውም። ባካፕ የሚቀመጠው ቅጂ ግን ሁልጊዜ በጠንካራ ፓስወርድ ይቆለፍ። ባካፕ ሃርድ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ሰርቨር አይዞርም።

አርኤስኤ ወይስ ኢሲ?

ሁለቱ የቁልፍ ዓይነቶች ናቸው፤ አዲስ ቁልፍ ስታወጡ ይህ ጥያቄ ይመጣል። ለሕዝብ ክፍት ለሆነ ዌብሳይት የእኔ መልስ ኢሲ ፒ-256 ነው። ጥንካሬው ከአርኤስኤ 3072 ጋር ይመዛዘናል። ፋይሉ ከ300 ባይት በታች ነው፤ አርኤስኤ 2048 ግን 1,700 ባይት ገደማ ነው። ሰርቨሩም ሲፈርም ብዙ አይደክምም። ሰርትቦት ከ2022 ጀምሮ ካልከለከላችሁት የሚያወጣው ኢሲ ነው።

አርኤስኤ 2048 የሚመረጠው ከሰርቨራችሁ ጋር የሚነጋገር የቆየ ነገር ሲኖር ነው። ለዓመታት ያልታደሰ ሶፍትዌር፣ የድሮ የክፍያ ማሽን። እነሱን ሳትፈትኑ ወደ ኢሲ አትሂዱ። «ትልቅ ይሻላል» ብለው 4096 የሚመርጡም አሉ። ለአንድ ዓመት እንኳ ለማይቆይ ሰርተፊኬት ሰርቨሩን በብዙ እጥፍ ማድከም ነው። አልመክርም።

ቁልፉ የት ይወለድ?

ከፎርማቱ ሁሉ በላይ የምጨነቅበት እዚህ ላይ ነው። ሦስት መንገድ አለ። ቁልፉን ሰርቨሩ ላይ ራሳችሁ ታወጣላችሁ። ወይም ላፕቶፓችሁ ላይ ታወጡና ትወስዱታላችሁ። ወይም ሰርተፊኬት ሻጩ ዌብሳይቱ ላይ አውጥቶ ይሰጣችኋል።

ሦስተኛው በጣም ምቹ ነው። አንድ በተን ትጫናላችሁ፣ ሁሉም ይወርድላችኋል። በ2018 የሆነውን ግን ልንገራችሁ። አንድ የሰርተፊኬት ሻጭ ከ23,000 የሚበልጡ የደንበኞቹን የግል ቁልፎች በኢሜይል ለሰርተፊኬት ሰጪው ላከ። ሻጩ ቁልፎቹን አስቀምጧቸው ነበር ማለት ነው። ሰርተፊኬቶቹ ተሰረዙ። ደንበኞቹ በጥድፊያ አዲስ መጫን ነበረባቸው። ሌላ ሰው ያወጣላችሁ ቁልፍ ሌላ ሰው ጋ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ የራሱ ጣጣ አለው። አብሮኝ የሠራ ልጅ ላፕቶፑ ላይ ቁልፍና ማመልከቻ አወጣ። ሲኤስአር የምንለው ማመልከቻ ማለቴ ነው። ማመልከቻው ተላከ። ሰርተፊኬቱ ከመድረሱ በፊት ላፕቶፑ ፎርማት ተደረገ። ሰርተፊኬቱ ሲመጣ ደብዳቤው አለ፣ ማህተሙ የለም። በሌላ ቁልፍ ልግጠመው ብትሉ ሆድና ጀርባ ናቸው። ከሰጪው ማምጣት እንዳይሞከር፣ ሰጪው ቁልፉን አይቶት አያውቅም፤ ማመልከቻው ውስጥ የማህተሙ ናሙና ብቻ ነው ያለው። ያለን ምርጫ አዲስ ቁልፍ አውጥተን ሰርተፊኬቱን እንደገና ማሰጠት ነበር። ገንዘብ አልተጠየቅንም፤ ሁለት ቀን ግን ሄደ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ምረጡ። ቁልፉ የሚሠራበት ሰርቨር ላይ ይወለድ፣ እዚያው ይኑር፣ እዚያው ይሙት። ሲኤስአሩ ይውጣ፣ ሰርተፊኬቱ ይግባ። ሁለቱም ሚስጥር አይደሉም። ቁልፍና ሰርተፊኬት መግጠማቸውን ለማረጋገጥ ደግሞ ከሁለቱም የሕዝብ ቁልፉን (የማህተሙን ናሙና) በኦፕንኤስኤስኤል አውጥታችሁ አስተያዩ። አንድ ዓይነት ከሆኑ ይገጥማሉ።

በሶፍትዌር ላይ ለሚፈርሙ ይህ ምርጫ መሆኑ ቀርቷል። ከጁን 1፣ 2023 ጀምሮ በሕዝብ ለሚታመን የሶፍትዌር ፊርማ የግል ቁልፉ ከውስጡ በማይወጣበት ቶከን ወይም መሰል ዕቃ ላይ መቀመጥ አለበት። በአገራችንም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ በ2018 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1072 ሕጋዊ ዋጋ አግኝቷል። ሰነድ የምትፈርሙበትን ቁልፍ ከዌብሳይት ቁልፍ በበለጠ ጠብቁት። እሱ የራሳችሁ እጅ ነው።

በእጅ ወይስ በራሱ?

እስካሁን በዓመት አንዴ በእጅ መቀየር ይቻል ነበር። ያ እያለቀ ነው። የዌብሳይት ሰርተፊኬት ትልቁ ዕድሜ 398 ቀን ነበር። ከማርች 15፣ 2026 ጀምሮ ለሚሰጡት 200 ቀን ነው። ከማርች 2027 ጀምሮ 100 ቀን፣ ከማርች 2029 ጀምሮ 47 ቀን። በየወሩ ተኩል ፋይል እያጓጓዘ የሚዘልቅ የለም። ሌትስ ኢንክሪፕት በ90 ቀን ሰርተፊኬቱ ያስለመደን ይህንኑ ነው፦ ሰርቨሩ ራሱ ያወጣ፣ ራሱ ያድስ። ዋጋ አይጠይቅም። ከሁሉ በላይ ደስ የሚለኝ ደግሞ ቁልፉን የሚነካ ሰው አለመኖሩ ነው። የሚቻላችሁ ቦታ ሁሉ እንደዚህ አድርጉ።

በእጅ የምትቀጥሉበት ቦታ ካለ አንድ ነገር ያዙ። ሰርተፊኬት ላይ ያለው ሰዓት የግሪንዊች ነው። በ14ኛው ቀን 23:59:59 ያልቃል ካለ፣ እኛ ጋ በ15ኛው ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሞላ አንድ ሰከንድ ሲቀረው ነው። ሁሉም ተኝቷል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደንበኛው ቀይ ማስጠንቀቂያ እያየ ይደውላል። ማስታወሻችሁን ከሁለት ሳምንት በፊት አድርጉት።

የግል ቁልፍ ለሌላ ሰው ወጥቶ ከሆነ ደግሞ፣ በስሕተትም ቢሆን፣ ለአንድ ሰው ብቻም ቢሆን፣ አዲስ ቁልፍ አውጡና የድሮውን ሰርተፊኬት አሰርዙ። በዚያው ቁልፍ አዲስ ሰርተፊኬት ማሰጠት ምንም አይጠቅምም። ወረቀቱ ቢታደስም ማህተሙ ያው ነው።

የአርብ ከሰዓቱን መልእክት እኔ እንዲህ ነው የምመልሰው፦ «ወንድሜ፣ ቁልፉን አልክልህም። አዲሱ ሰርቨር ላይ ራስህ ቁልፍ አውጣ፣ ኢሲ ፒ-256 ይሁን። ሲኤስአሩን እዚሁ ላክልኝ፣ ሰርተፊኬቱን ከነሰንሰለቱ በፔም እመልስልሃለሁ። አይአይኤስ ከሆነ ሲኤስአሩን እዚያው ከአይአይኤሱ አውጣውና ፒ7ቢ እልክልሃለሁ። ከተቸገርክ ደውልልኝ፣ አብረን እንሠራዋለን።»